ከሐረጎ እስከ ጋሸና፦ የወሎ የተራራ መንገድና ቅርሶቹ

ብዙ ሰው ወሎን የሚያውቀው ከመኪና መስኮት ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ላሊበላ ሲሄድ ደሴ ላይ ምሳ ይበላል፣ ቢመሽበት ያድራል፣ ጠዋት በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወልድያ ይገባል። መንገዱ ጥሩ ነው። ወሎን ማየት ለሚፈልግ ሰው ግን እኔ የምመክረው ሌላውን ነው። ከደሴ ወደ ኩታበር ታጥፎ፣ በበሽሎ ሸለቆ ወርዶ፣ ደላንታን አቋርጦ ጋሸና ላይ የሚወጣውን። መቅደላ፣ ግሸንና ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ የሚወጣባቸው ጉድጓዶች ያሉት በዚህ በኩል ነው።

በሌላው ዓለም የድሮ ማዕድን አገሮች ተራራቸውን ወደ ጉብኝት መንገድ ቀይረውታል። የቦሊቪያዋ ፖቶሲ የብር ማዕድኗ ከተመናመነ ወዲህም ሰው ከሩቅ እየመጣ ያያታል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ወሎ በብር ማዕድን የታወቀ አገር አይደለም። ብሩ የገባው በንግድ ነው፤ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የሚባለው፣ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የኦስትሪያ ገንዘብ ሆኖ፣ በበቅሎና በግመል ጀርባ። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨው በአንድ በኩል፣ ጠገራው በሌላ በኩል፣ ገበያውን እነዚህ ሁለቱ ያንቀሳቅሱት ነበር። የባቲ የሰኞ ገበያ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን እስከ ዛሬ የሚያገናኘው በዚያው የድሮ የቆላና የደጋ ልውውጥ መሠረት ነው። አንጥረኞች ጠገራውን አቅልጠው ድሪ፣ አልቦ፣ አምባርና የአንገት መስቀል ሠሩበት። ከአያት የወረደ የብር ጌጥ ካያችሁ፣ በአብዛኛው የቀለጠ ጠገራ ነው።

ጉዞው በትክክል የሚጀምረው ከኮምቦልቻ በላይ፣ ሐረጎ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፣ ፋብሪካ የበዛባት ከተማ። ከዚያ ወደ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ስለሚወጣ ትንሽ ቆይታችሁ ጃኬት ትፈልጋላችሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ጭጋጉ ከጦሳ ሲወርድ ፒያሳ ላይ ቆሞ ማየት ነው።

ደሴ ውስጥ መታየት ያለበት አይጠየፍ አዳራሽ ነው። ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው፣ የልጅ ኢያሱ አባት። ታሪካቸው የወሎን ታሪክ ጠቅልሎ የያዘ ይመስለኛል። መሐመድ አሊ ተብለው በእስልምና ያደጉ የወሎ መስፍን ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከደሴ በስተሰሜን ትንሽ ወጣ ብሎ ባለው ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ፤ ከዚያ ወዲህ ክርስትና ተነሥተው ራስ ሚካኤል ተባሉ። በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ሆኑ፣ በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ቦሩ ሜዳ ላይ የሃይማኖት ክርክር በአዋጅ ተዘጋ፤ ብዙ ሙስሊም የወሎ ሰው ወይ እንዲጠመቅ ወይ አገሩን እንዲለቅ ተገደደ። ይህን ሳያውቁ የወሎን ተቻችሎ መኖር ብቻ ማውራት ልክ አይመስለኝም። ሕዝቡ ያን ሁሉ አልፎ ዛሬም በአንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማች ሆኖ መኖሩ ግን እውነት ነው፣ ደሴ ውስጥ ማንንም ብትጠይቁ የራሱን ዘመድ ይቆጥርላችኋል።

ደሴ ሌላም ቁስል አለባት። በኅዳር 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያው እያሉ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደብድበዋታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደግሞ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል።

ከደሴ ወደ ኩታበር ስትወጡ መልኩ ይለወጣል። ከተማው ወዲያው ያልቃል፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንጋይ ካብ፣ የሣር ቤት፣ በጋቢ የተሸፈነ እረኛ። ከዚያ መሬቱ ድንገት ይሰነጠቅና የበሽሎ ተፋሰስ ይከፈታል። በሽሎ የዓባይ ገባር ነው። ይህን ሁሉ ገደል የቆረጠው እሱና ገባሮቹ ናቸው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ያነጠፈውን ወፍራም የድንጋይ ንጣፍ እየሰነጠቁ። አምባ የሚባለው ቅርጽ፣ ማለትም ዙሪያው ገደል ሆኖ አናቱ ሜዳ የሆነው ተራራ፣ የመጣው ከዚያ ነው።

በዚህ በኩል ወደ አምባሰል ከሚታጠፈው መንገድ ጫፍ ግሸን ማርያም አለች። አምባዋ ራሷ የመስቀል ቅርጽ አላት። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የጌታ ግማደ መስቀል ያረፈው እዚህ ነው፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን። መስከረም 21 ቀን ምእመኑ ከመላው አገር ይጎርፋል። ቦታው ከዚያ ቀደምም ሌላ ሥራ ነበረው፦ ዙፋን ይቀማሉ ተብለው የተፈሩ የነገሥታት ልጆች የሚጋዙበት አምባ ነበር፣ የግራኝ አሕመድ ጦር እስኪደርስበት ድረስ። ጸጥታ የፈለገ ሰው በበዓሉ ሰሞን አይሂድ፤ በዓሉን ማየት የፈለገ ደግሞ ቀደም ብሎ ማደሪያውን ይያዝ።

አሁን ወደ መቅደላ። ወደ ተንታ በኩል ትገባላችሁ፣ የመጨረሻውን በእግር ወይም በበቅሎ መውጣት ይሻላል። ከፍታው 2,700 ሜትር ግድም ነው። አፄ ቴዎድሮስ አምባውን ከወሎ መሳፍንት ከወሰዱ በኋላ ግምጃ ቤትም እስር ቤትም አደረጉት። ከእስረኞቹ አንዱ ወጣቱ ምኒልክ ነበር። በ1857 ዓ.ም. አምልጦ የወሎዋ ባላባት ወይዘሮ ወርቂት ግዛት ውስጥ ገባ። የእሷ ልጅ መቅደላ ላይ በመያዣነት ተይዞ ነበር። ቴዎድሮስ በንዴት ልጇን ገደል አስወረወሩት፣ እሷም ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፈችው። የመቅደላ ታሪክ ሲወራ ስለ ቴዎድሮስና ስለ እንግሊዞች ብቻ ነው፤ ወርቂት ግን ልጇን የከፈለች የወሎ እናት ናት፣ ስሟ በየትምህርት ቤቱ ሊጠራ ይገባል ባይ ነኝ።

እላይ ሴባስቶፖል አለ። ጋፋት ላይ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ለንጉሡ ያቀለጡት መድፍ ነው፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው ቅጂ ነው፣ ዋናው እዚህ ነው። የመድፉ መንገድ ደግሞ ከመድፉ ይበልጣል። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ሲነሱ መንገድ አልነበረም። እየቆፈሩ፣ ድንጋይ እየፈለጡ፣ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር እየደከሙ፣ የዥጣንና የበሽሎን ገደሎች በዚያ ብረት ተሻገሩ፤ ወራት ፈጀባቸው። በወሎ ተራራ ላይ ለተሽከርካሪ ተብሎ የተቆረጠ ትልቅ መንገድ እሱ ነበር። የሚያሳዝነው፣ የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር ተከትሎ ሲመጣ በዚያው በንጉሡ መንገድ ተጠቅሞ በሽሎን ተሻገረ። ለስንቅና ለጭነት ሲከፍል የመጣውም በጠገራ ብር ነው።

ውጊያው ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ሜዳ ላይ ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። አምባው ተቃጠለ። ታቦቱ፣ ብራናው፣ ዘውዱ፣ የወርቅ ጽዋው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም አብሮ ተወሰደ፣ በ1879 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሞተ፣ አፅሙ አሁንም ዊንድዘር ነው። 11 ታቦቶች በብሪትሽ ሙዚየም ተዘግተው ተቀምጠዋል። የንጉሡ ቁንዳላ ግን በ2011 ዓ.ም. ተመልሷል።

የተዘረፈው ዕቃ በጨረታ የተሸጠው ደላንታ ሜዳ ላይ ነው። በሽሎን ተሻግራችሁ፣ ሙቀቱን ጠጥታችሁ፣ እንደገና ሽቅብ ስትወጡ የምትደርሱበት ሰፊ ደጋ ያ ነው። ዛሬ የወረዳው ከተማ ወገል ጤና ናት። ቀዝቃዛ ናት፣ ሰዉ እንግዳ ይወዳል፣ ቡና ሳትጠጡ አያሳልፏችሁም።

ደላንታን አሁን ዓለም የሚያውቃት በኦፓል ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ጸሐይ መውጫ በሚባለው አካባቢ የአገሬው ሰው ገደል ላይ አገኘው። ከዚያ በፊት መንዝ መዘዞ ላይ የተገኘው ኦፓል ቡናማ የሚበዛበትና ሲቆረጥ የሚሰነጠቅ ነበር። የደላንታው ነጭና ብሩህ ነው፣ ውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ይጫወታል፤ በዓለም ገበያም ስሙ ራሱ የወሎ ኦፓል ነው። የሚገኘው በገደሉ ወገብ ላይ በሚሄድ፣ ከአንድ ሜትር በማይወፍር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንጣፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከላይ ቆፍሮ አይደረስበትም። ወጣቶቹ በገመድም በእግርም በገደሉ ወርደው፣ በመዶሻና በዶማ አግድም ዋሻ ይከፍታሉ። ድጋፍ እንጨት የለውም፣ አየር የለውም። በ2016 ዓ.ም. አንድ ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ውስጥ ታፍነው ነበር። እባካችሁ ለፎቶ ብላችሁ አትግቡ፤ ከገደሉ አፋፍ ሆናችሁ ማየት ይበቃል።

መግዛት ካማራችሁ አንድ ነገር እወቁ። ይህ ኦፓል ውኃ ይመጥጣል። ውኃ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ ብርጭቆ ግልጽ ይሆናል፣ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ስለዚህ ከዘይት፣ ከሽቶና ከሳሙና አርቁት። አብዛኛው ድንጋይ ሳይቆረጥ ከአካባቢው ይወጣል፣ ብዙው ሕንድ አገር ተቆርጦ ይሸጣል። ቆፋሪው ከዋጋው የሚደርሰው ጥቂት ነው። ወገል ጤና ላይ የመቁረጫና የማለስለሻ ሥራ ቢስፋፋ፣ አጠገቡም ስለ መቅደላና ስለ ኦፓሉ የሚናገር አንዲት ትንሽ ሙዚየም ብትቆም፣ ይህ መንገድ በአንድ ጊዜ የሚታወቅ ይመስለኛል። ያ ሁሉ ቅርስ በተሸጠበት ሜዳ ላይ ቢያንስ ድንጋዩ ሠራተኛውን ሊያበላ ይገባል።

ከደላንታ በኋላ የዥጣ ገደል አለ፣ ከዚያ የዋድላ ደጋ፣ ከዚያ ጋሸና። ጋሸና ከወልድያ ወደ ወረታ በሚሄደው፣ ሰው የቻይና መንገድ በሚለው መስመር ላይ ናት። ላሊበላ ከዚያ 64 ኪሎ ሜትር ነው።

ለመሄድ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ሌሊቱ ውርጭ አለው፣ ወፍራም ልብስ ያዙ። ክረምት ላይ ቁልቁለቱ ጭቃና ናዳ ስለሆነ ተዉት። ከፍ ያለ ጎማ ያለው መኪና፣ ደሴ ላይ የተሞላ ነዳጅ፣ የአገሬው ሾፌር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ስላለ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ደሴ መናኸሪያ ከሾፌሮች ስለ መንገዱ ጠይቁ። እነሱ አትሂዱ ካሏችሁ አትሂዱ፤ እዚያው ደሴ ሰንብታችሁ ሐይቅ እስጢፋኖስን እዩ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት ገዳም ነው፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ወንዶች ብቻ ናቸው የሚገቡት፤ ሴቶች ሐይቁን ከዳር ሆነው ያያሉ፣ የሴቶች ገዳሙም እዚያው አጠገብ ነው።