«አራስ ናት፣ ይለቃታል» እና ሌሎች የአራስ ቤት ወሬዎች

ባሕር ዳር ውስጥ አራስ ልትጠይቅ የምትሄድ ሴት ባዶ እጇን አትሄድም። አንዷ ቅቤ ትይዛለች፣ ሌላዋ የአጥሚት እህል አስፈጭታ ትመጣለች። ምክር ግን ሁሉም ይዞ ነው የሚመጣው። ልጁ የመጀመሪያ ከሆነ ደግሞ ምክሩ በላይ በላዩ ይከመራል። «ብርድ እንዳይመታሽ።» «ሆድሽን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ።» «ደሙ ይውጣ፣ አትፍሪ።»

ከምክሩ ውስጥ ጥሩ ጥሩው ብዙ ነው። አራስ ትረፍ፣ ትብላ፣ ብቻዋን አትደር የሚለው ልማዳችን ሊነካ አይገባም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አራስ ቤት ውስጥ የማያስፈራው ነገር ሲያስፈራ፣ የሚያስፈራው ደግሞ «አራስ ናት፣ ይለቃታል» ተብሎ ሲታለፍ አያለሁ። ስለዚህ ያለ ኦፕራሲዮን፣ በምጥ ለወለደች የመጀመሪያ ልጅ እናት ከሚነገሯት ውስጥ ጥቂቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሆዴ አልገባም፣ አንድ ነገር ውስጤ ቀርቷል»

ብዙዎች ልጁ ሲወጣ ሆዱም አብሮ የሚሄድ ይመስላቸዋል። ከወሊድ በኋላ ልብስ ለመቀየር ቆም ስትይ ግን የስድስት ወር እርጉዝ መስለሽ ታገኚዋለሽ። ደንግጠሽ ይሆናል፣ ግን ጤነኛ ነሽ። እንደወለድሽ ማህፀንሽ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ጫፉም እምብርትሽ አካባቢ ነው። በየቀኑ አንድ ጣት ያህል እየወረደ ይሄዳል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከላይ በእጅ ሲነካ አይገኝም። በስድስት ሳምንት ከ100 ግራም በታች ይሆናል።

ማህፀኑ ሲሰበሰብ ያማል። በተለይ ልጁ ጡት ሲይዝ ቁርጠቱ ብድግ ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጡት ሲጠባ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፣ እሱ ወተቱንም ያወርዳል፣ ማህፀኑንም ያኮማትራል። ስለዚህ «ሲጠባ ሆዴን ያመኛል» ያለች አራስ ሰውነቷ ሥራውን እየሠራ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይለቃል። የሚቀጥሉት ልጆች ላይ ቁርጠቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም፣ እሱን ለወደፊት ያዢው።

መቀነት ማሰርን በተመለከተ፣ ለስለስ አድርጎ ማሰር ወገብን ደገፍ ያደርጋል፣ ምንም አይልም። ትንፋሽ እስኪያጥር ማጥበቅ ግን ሆድ አያስገባም። ጫናው ወደ ታች ይሄድና ገና በወሊድ የደከመውን የዳሌ ወለል ጡንቻ (ማህፀንንና ፊኛን ከታች ደግፎ የሚይዘውን) ይጫነዋል። ሆዱን የሚመልሰው ጊዜ ነው።

«መጥፎ ደም ነው፣ ይውጣ»

ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው፤ ረዘም አድርጌ ልናገረው።

እንግዴ ልጁ ተጣብቆበት የነበረው ቦታ ልክ እንደ ቁስል ነው። ሲለቅ የደም ሥሮቹ ክፍት ይቀራሉ። ማህፀኑ ጨምድዶ ሲይዛቸው ይዘጋሉ። የሚፈሰው ደም የተጠራቀመ ቆሻሻ አይደለም፣ የራስሽ ደም ነው። ብዙ በወጣ ቁጥር «የምትጠሪበት» ምንም ነገር የለም።

ጤነኛው አካሄድ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ ከወር አበባ በርከት ይላል። ከዚያ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ከአስር ቀን በኋላ ገደማ ነጣ ያለ፣ ቢጫ መሳይ ፈሳሽ ይሆናል። በጠቅላላው እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ተኝተሽ ቆይተሽ ስትነሺ ወይም ጡት ስታጠቢ ቧ ብሎ ሊመጣ ይችላል፣ ወዲያው ከቀነሰ አትጨነቂ። እየቀነሰ የነበረው እንደገና ከቀላ ብዙ ጊዜ «አሁንስ ደህና ነኝ» ብለሽ ውኃ ማንሳት ስለጀመርሽ ነው። ተመለሽና ጋደም በይ።

አሁን መለኪያውን እንያዝ። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከራሰ፣ ከእንቁላል የሚበልጥ የረጋ ደም ከወጣ፣ ሽታው ከከፋ፣ ወይም ስትነሺ ዓይንሽ ከጨለመ ያ «ይውጣ» የሚባል አይደለም። ተነስቶ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ችግሩ ብዙ ቤት ሞዴስ ሳይሆን አሮጌ ነጠላ ተቀዶ፣ ተደራርቦ ነው የሚያዘው። ወፍራም ጨርቅ ደሙን ይውጠውና መጠኑ አይታወቅም። ጨርቅ የምትጠቀሚ ከሆነ በስሱ እጠፊው፣ ንጹሕና ፀሐይ ላይ የደረቀ ይሁን፣ በስንት ጊዜ እንደምትቀይሪም አስታውሺ።

በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ ደም መፍሰስ ነው። ከተማ ውስጥ ባጃጅ በር ላይ ይቆማል። ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት ለምትመጣ ሴት ግን ጀልባ መጠበቅ አለ፣ የጣና ሞገድ አለ። የሐይቁ ዳር ሰው «ትንሽ እንየው» የሚልበት ጊዜ ከከተማው ሰው ማጠር አለበት።

«ብርድ መታት፣ ምች ነው»

ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ሙቀት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። በዚያ ላይ መስኮት ተዘግቶ፣ በር ላይ መጋረጃ ወርዶ፣ አራሷ በጋቢ ተጠቅልላ። ላቧ ሲንቆረቆር ደግሞ «አየሽ፣ ብርዱ እየወጣ ነው» ይባላል።

ላቡ የብርድ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ሰውነት ያከማቸው ፈሳሽ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሽንትና በላብ ይወጣል፣ በተለይ ሌሊት። መስኮት ክፈቺ። ገላሽን ታጠቢ፣ በወለድሽ ማግስትም ቢሆን። የመጀመሪያውን ጊዜ ሰው አጠገብሽ ይሁን፣ ራስ ሊያዞርሽ ይችላልና።

ትኩሳት ግን ሌላ ነገር ነው። አራስ ስትንቀጠቀጥና ስትግል መጀመሪያ የሚታሰበው ምች ነው፣ ዳማከሴ ታሽቶ ይመጣል። ዳማከሴውን ማሽተትሽን ማንም አይከለክልሽም። ግን መጀመሪያ ቴርሞሜትር ብብትሽ ሥር አድርጊ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ምክንያት አለው፦ የማህፀን ኢንፌክሽን፣ የጡት ቁስለት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ወይም በወሊድ ጊዜ ተቀዶ የተሰፋው ቦታ ማመርቀዝ። በእኛ አካባቢ ደግሞ ወባ አለ፣ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር። እነዚህን በሽታ የሚለየው ምርመራ እንጂ ሽታ አይደለም። ለወባውም ቢሆን መስኮት ከመዝጋት ይልቅ አጎበር ውስጥ ከልጅሽ ጋር መተኛት ይበልጣል።

«ራስ ምታቱ ቡና ስላላገኘሽ ነው»

ሊሆን ይችላል። ቡና ጠጥተሽ ከለቀቀሽ ጥሩ። ቡናም ፓራሲታሞልም የማይመልሰው ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ ማለት ወይም ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ካለ ግን የደም ግፊት ነው የሚጠረጠረው። ብዙ ሰው ይህ ግፊት ከወሊድ ጋር የሚያበቃ ይመስለዋል። ከወለዱ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ሊመጣ ይችላል፣ በእርግዝና ጊዜ ግፊቷ ደህና በነበረች ሴት ላይም ጭምር። ወደሚያንቀጠቅጥ ሕመም ከመድረሱ በፊት መለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው። አንድ እግር ብቻ አብጦ መቅላቱና ማመሙ፣ ትንፋሽ ማጠሩም እንደዚሁ ለነገ አይባልም።

«ሽንት ቤት ከሄድኩ ስፌቱ ይፈታል»

የመጀመሪያው የሽንት ቤት ጉዞ ከምጡ በላይ ያስፈራቸው ሴቶች አውቃለሁ። ስለዚህ ይይዙታል። ሲይዙት ይደርቃል፣ ሲደርቅ የባሰ ያማል። ስፌቱ በማማጥ አይበጠስም፣ እመኚኝ። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሞዴስ ስፌቱ ላይ ደገፍ አድርገሽ ያዢ፣ ትንፋሽሽን አታፍኚ። ቁጢጥ ማለት ካቃተሽ ፖፖ ወይም ወንበር ይመቻች። ሽንት ሲያቃጥልሽ ለብ ያለ ውኃ እያፈሰስሽበት ሽኚ፣ ወዲያው ይቀልልሻል።

ክሩ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይሟሟል። ቁራጩ ሞዴስ ላይ ወድቆ ካየሽ «ተፈታ» ብለሽ አትጩሂ። ውጫዊው ቁስል ሦስት አራት ሳምንት ይፈልጋል። በንጹሕ ውኃ ከፊት ወደ ኋላ ታጠቢ፣ ሳታሺ አድርቂ። ቅጠል፣ ቅቤ፣ አልኮል አያስፈልገውም። ጭስ መሞቅም ገና ባልደረቀ ስፌት ላይ ቃጠሎ ያመጣል፣ ይቆይ። ሕመሙ ቀን በቀን መቀነስ ሲገባው ከጨመረ፣ መግል ካለው፣ ወይም ጋዝና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተሽ ለጤና ባለሙያ ንገሪ። የመጨረሻውን አፍሮ የሚደብቀው ሰው ብዙ ነው፣ ሕክምና ግን አለው።

«ስስቅ ሽንት ያመልጠኛል፣ የእናትነት ዕዳ ነው»

የምን ዕዳ! ስትስቂ፣ ስታስነጥሺ ጠብ ማለቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመደ ነው፣ ዕድሜ ልክ ግን አይደለም። ጋዝና ሽንት እንደምትይዢ አድርገሽ ጡንቻውን ወደ ላይ ሳቢ፣ እስከ አምስት ቁጠሪ፣ ልቀቂ። አስር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ልጅሽን እያጠባሽ ልትሠሪው ትችያለሽ፣ ማንም አያውቅብሽም። ሽንት እየሸናሽ ግን አትለማመጂው። ወሮችን ይፈጃል እንጂ ይሠራል። ታች የመክበድ ስሜትም ብዙ ጊዜ በዚሁ ይሻሻላል። እብጠት መሳይ ነገር ወደ ውጭ ከወጣ ግን ይታይ።

ሳትስቂም ሳትንቀሳቀሺም፣ ቀንና ሌሊት ሽንት የሚፈስሽ ከሆነ ይህ ሌላ ነው። በተለይ ምጡ ለረጅም ሰዓት ከቆየ ፊስቱላ፣ ማለትም በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል። የሃምሊን ፊስቱላ ማዕከል እዚሁ ባሕር ዳር አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ። ሕክምናው በነፃ ነው። በር ዘግቶ የሚቀመጡበት ምክንያት የለም።

በአጭር በአጭሩ

«አራስ ጎመን አትበላም፣ ሕፃኑን ይቆርጠዋል» ይባላል። ትበላለች። ገንፎና አጥሚት ብርታት ይሰጣሉ፣ ግን ያለ አትክልትና ውኃ ሆድ ያደርቃሉ። ጎመኑም፣ ምስሩም፣ እንቁላሉም፣ የጣና ዓሣም ይግቡ። የአይረን ክኒን ተሰጥቶሽ ከሆነ ከቡናና ከሻይ አንድ ሁለት ሰዓት አራርቂው፣ አለበለዚያ በደንብ አይሠራልሽም።

በሦስተኛው አራተኛው ወር ፀጉርሽ እፍኝ እፍኝ ሲረግፍ «ልጁ ጠባው» ይሉሻል። በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ነው የሚወርደው። ይመለሳል።

«እያጠባሁ አላረግዝም» የሚለው ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲሟላ ብቻ ነው የሚሠራው፦ ልጁ ከስድስት ወር በታች ሲሆን፣ ሌላ ነገር ሳይቀምስ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ሲጠባ፣ የወር አበባሽም ሳይመለስ። አንዱ ከጎደለ የወር አበባ ሳታዪ ልታረግዢ ትችያለሽ።

«አርባ ቀን ሞላት፣ ድናለች»

ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሳል፣ አራሷም ከቤት ትወጣለች። ማህፀን ግን የወለደው ወንድ ይሁን ሴት አይጠይቅም። ስድስት ሳምንት ሲሞላ ማህፀኑ ተመልሷል፣ ቁስሉ ድኗል፤ ሆድና ዳሌ ጉልበታቸውን የሚያገኙት ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ወሮች ነው። ከባሏ ጋር መገናኘትም የሚጀመረው ደሙ ሲያበቃ፣ ሕመሙ ሲጠፋና እሷ ስትፈልግ ነው፣ የቀን መቁጠሪያ ስላዘዘ አይደለም። ሕጉም ለሠራተኛ እናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን የሰጠው ያለ ነገር አይደለም።

የድህረ ወሊድ ክትትል በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ከወለድሽ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት እዚያው ቆዪ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ገደማ፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ በስድስተኛው ሳምንት ትታያለሽ። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን መሃሉን እንዘለዋለን። የ45 ቀን ክትባት ግን ማንም አይዘልም። ልጁ ታዝሎ ይሄዳል፣ ይወጋል፣ ያለቅሳል፣ ካርዱ ይጻፋል፣ እናቲቱን ማንም ሳይጠይቃት ትመለሳለች። በዚያ ቀን ልጁን ለሸኘሽ ሰው ስጪና ሲስተሯን «እኔንም እዪኝ» በያት። ግፊትሽን ትለካ፣ ስፌቱን ትይ፣ ሽንት የሚያመልጥሽም ከሆነ እዚያው ንገሪያት። ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያም የምትጠይቂው ያኔ ነው።