“ፖርታል ገባ” ማለት ምን ማለት ነው?

የአሜሪካን የኮሌጅ ትግል (ሬስሊንግ) የሚከታተል ሰው “እገሌ ፖርታል ገባ” ሲባል ሳይሰማ አይቀርም። ብዙዎች ልጁ ዩኒቨርሲቲውን የለቀቀ ይመስላቸዋል። ገና አልለቀቀም። ፖርታል የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የከፈተው፣ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር የሚፈልጉ ስፖርተኞች የስም መዝገብ ነው። ስሙ እዚያ ከሰፈረ የሌላ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች ሊያናግሩት ይችላሉ። በዲቪዥን 1 (በኤንሲኤኤ ከፍተኛው የውድድር ደረጃ) ልጁ በተፈቀደው ጊዜ በጽሑፍ ከጠየቀ፣ ዩኒቨርሲቲው በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ስሙን ማስገባት አለበት። አሰልጣኙ መከልከል አይችልም። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ድሮ ፈቃድ መለመን ነበረበት።

በትግል ነገሩ የሚብሰው በክብደት ምክንያት ነው። ምድቦቹ አሥር ናቸው፣ ከ125 እስከ 285 ፓውንድ። በቡድን ግጥሚያ በአንድ ምድብ ከአንድ ቡድን የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። በ157 ፓውንድ ከፊቱ ሻምፒዮን ያለበት ልጅ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ቁጭ ብሎ ማየት ነው ዕጣው። ሌላ ቦታ ቢፈልግ አልፈርድበትም።

ከ2024 ወዲህ የትምህርት ውጤቱን ያሟላ ተማሪ ደጋግሞ ቢዛወርም ወዲያው መወዳደር ይችላል። ግን ልብ በሉ፦ ፖርታል መግባት አዲስ ቦታ ማግኘት አይደለም። የቀድሞው ዩኒቨርሲቲም ሴሚስተሩ ሲያልቅ ስኮላርሺፑን ሊያቋርጥ ይችላል።