ትከሻ ምንድን ነው?

ባለፈው ጥር ባሕር ዳር ሠርግ ተጠርቼ የደረሰኝ ወንበር ከጨፋሪዎቹ ጀርባ ነበር። መጥፎ ቦታ ነው፤ የሰው ፊት አይታይም። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው እስክስታ ወረዱ። እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው። ከነጭ ሸሚዛቸው ሥር ግን ሁለት ጠፍጣፋ ነገሮች ይንሸራተታሉ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ አከርካሪ ጠጋ፣ ደግሞ ራቅ። ለካ ትከሻ ከኋላ ሲያዩት ነው የሚገባው።

ትከሻ ስንል አብዛኞቻችን የምናስበው ክንድ ከገላ የሚጋጠምበትን ጉብታ ነው። ሐኪሞች ግን ሰፋ አድርገው ነው የሚያዩት። ሦስት አጥንቶች አሉበት፦ የላይኛው ክንድ አጥንት፣ ከአንገት ሥር በአግድም የምትዳሰሰው ቀጭን አጥንት፣ እና ጀርባ ላይ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ጠፍጣፋ አጥንት። የኔ ወሬ በይበልጥ ስለ ሦስተኛው ነው። ይህ አጥንት ከጎድን አጥንቶች ጋር በቀጥታ አልተጋጠመም። ደንገል ታንኳ ጣና ላይ እንደሚንሳፈፍ እሱም ጡንቻ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚኖረው። 17 ጡንቻዎች ከየአቅጣጫው ይዘውታል። ክንዳችንን በአጥንት በኩል ከደረታችን ጋር የምታገናኘው ያቺ ቀጭኗ ብቻ ናት። እስክስታ እንግዲህ በአብዛኛው የዚህ ተንሳፋፊ አጥንት ጨዋታ ነው።

ወደ መጋጠሚያው እንምጣ። የክንዱ አጥንት ራስ ድቡልቡል ነው፤ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ደግሞ ትንሽና ጥልቀት የሌለው። ዳሌ ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ እንደገባ ነው፣ ቶሎ አይወጣም። ትከሻ ግን ብርቱካን የሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። በአንድ ጊዜ ጎድጓዳውን የሚነካው የድቡልቡሉ ሩብ ወይም ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው። እጃችን ጀርባችንን የሚያከው፣ ከራስ በላይ የሚወጣው፣ ድንጋይ የሚወረውረው ለዚህ ነው። ብርቱካኑ እንዳይንከባለል የሚጠብቁት አራት ጡንቻዎች ናቸው። ጅማታቸው ከፊት፣ ከላይና ከኋላ አቅፎ ወደ ጎድጓዳው ይጫነዋል።

ታዲያ ይህ ነፃነት በነፃ አልመጣም። ከትልልቅ መጋጠሚያዎች ሁሉ በብዛት የሚወልቀው ትከሻ ነው፤ የሚወልቀውም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ነው። እኛ ዘንድ ውልቃት ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ወጌሻ ነው። እጃቸው የተባረከ ወጌሾች መኖራቸውን አልክድም። ግን ከውልቃቱ ጋር ስብራት ሊኖር ይችላል፤ በብብት በኩል የሚያልፈው ነርቭም ሊጎዳ ይችላል። ራጅ ሳይነሡ መጎተት እኔ አይዋጥልኝም። የክንዱ ውጭ በኩል ከደነዘዘማ ጭራሽ።

አሁን አንድ ነገር ሞክሩ። ሰው መዳፉን ጀርባችሁ ላይ፣ ጠፍጣፋው አጥንት ላይ ያሳርፍ። እናንተ እጃችሁን በጎን በኩል ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ አንሡ። አጥንቱ መጀመሪያ ላይ ብዙም አይንቀሳቀስም። ከዚያ ከእጃችሁ ጋር አብሮ መዞር ይጀምራል። በ1944 እ.ኤ.አ. ኢንማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ይህን ለክተው ጽፈዋል። እጅ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ከ180 ዲግሪው 120 ያህሉ ከመጋጠሚያው ይመጣል፤ 60 ያህሉ ጠፍጣፋው አጥንት ከመዞሩ ነው። ሁለት ለአንድ መሆኑ ነው። ልኩ ከሰው ሰው ትንሽ ይለያያል።

እኔ ይህን ሒሳብ ሳላውቀው ታንኳ ላይ ቀምሼዋለሁ። ሐይቁ ዳር አንድ ባለታንኳ እስቲ ሞክር ብለው መቅዘፊያውን ሰጡኝ። በክንዴ ብቻ ስጎትት አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ዛልኩ። ተቀብለውኝ ራሳቸው ቀዘፉ። መቅዘፊያውን ሲዘረጉ ትከሻቸው አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል። ሲስቡ ወገባቸው ዞር ይላል፣ ትከሻቸውም ወደ አከርካሪያቸው ይመለሳል። ክርናቸው ብዙም አይታጠፍም። ላብ እንኳ አልወጣቸውም። እኔ በማግስቱ ክንዴን ማንሣት አቅቶኝ ሸሚዝ የለበስኩት በሰው እርዳታ ነው፤ ጀርባዬን ግን ቅንጣት አላመመኝም።