የግዕዝ ፊደል ንድፍ ከየት ይቀዳል?

ለመጽሐፍ፣ ለጋዜጣ፣ ለታፔላ ወይም ለስልክ ስክሪን የሚሆን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ማውጣት ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠራ ሙያ ሆኗል። ሥራው ግን የቁም ጸሐፊዎች ሥራ ነው፤ ያኔም ዛሬም ጥያቄው አንድ ፊደል ምን ያህል ይወፍር፣ የት ይታጠፍ፣ ከጎረቤቱ ምን ያህል ይራቅ የሚል ነው። አርማ ወይም ርዕስ እንዲነድፍ የታዘዘ ሰው ሐሳብ ሲያጥረው ብዙውን ጊዜ የላቲን ፊደላት ናሙና ያገላብጣል። ብራና ቢያገላብጥ ይበጀው ነበር።

የብራና ጽሕፈት ጠባይ ከመሣሪያው ይጀምራል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ ከተዘጋጀ በኋላ ጸሐፊው ዳር ዳሩን በወስፌ ይወጋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ያለ ቀለም በጭረት ብቻ መስመር ያሰምራል። ብዕሩ ከመቃ ወይም ከሸምበቆ የሚቀረጽ ሲሆን ጫፉ ሹል ሳይሆን ጠፍጣፋ ነው። ብዕሩ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ይጥላል። «በ»ን ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሁለቱ እግሮች እንደ ምሰሶ ወፍረው ይቆማሉ፣ ከላይ የሚያገናኛቸው አግዳሚ ግን ክር ያህል ነው። ይህንን ልዩነት አጥፍቶ ሁሉንም መስመር እኩል ያወፈረ ንድፍ ዘመናዊ ሊመስል ይችላል፤ ፊደሎቹ ግን ይመሳሰሉና ዓይን ይደክማል።

ግዕዝ ዐቢይና ንኡስ ፊደል የለውም፤ ወደ ጎን አዘንብሎ መጻፍም ከብራናው አልመጣም። ታዲያ ጸሐፊው አንድን ቃል ከሌላው ለይቶ ለማሳየት ምን ያደርግ ነበር? ቀይ ቀለም ያነሣል። የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስሞች በቀይ ይጻፋሉ፤ የምዕራፍ መጀመሪያ መስመሮች ቀይና ጥቁር እየተፈራረቁ ይሄዳሉ፤ በነጥቦቹና በቁጥሮቹ ላይ ሳይቀር ቀይ ጭረት ይጣላል። ከዚህ በላይ ያለው የገጹ ራስ ደግሞ የሐረግ ቦታ ነው፤ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ ዓምዶቹን ከላይና ከጎን የሚያቅፍ ባለ ቀለም ጌጥ። ሁለት ቀለም ብቻ ያለው ፖስተር እንዲሠራ የታዘዘ ሰው ከዚህ የተሻለ መምህር የሚያገኝ አይመስለኝም።

የጽሕፈቱ ዓይነትም አንድ ብቻ አልነበረም። በጎንደር ዘመን ለነገሥታት የተጻፉ መጻሕፍት ጉልሕ በሚባለው ትልቅና ግርማ ያለው ጽሕፈት ይታወቃሉ፤ ረቂቅ የሚባለው ደቃቅ ጽሕፈት ደግሞ በጠባብ ቦታ ብዙ ቃል ያስተናግዳል። ክታብ ከሁለቱም የተለየ ነው። ጠባብ ቁራጭ ብራናዎች ተሰፍተው ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፣ ይጠቀለላል፤ በጽሑፉ መሐል አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች፣ ሰይፍ የያዙ መላእክትና ኮከብ መሰል ቅርጾች ይገባሉ። ጽሑፍና ሥዕል የት ላይ እንደሚለያዩ ለመናገር ያስቸግራል። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ ወደ አሜሪካ የሄደው ሠዓሊ ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደልን ሰባብሮ፣ ዘርግቶና ገልብጦ የሥዕሉ ዋና አካል አድርጎታል፤ ሥራዎቹን ለማየት እንጂ ለማንበብ መሞከር ብዙ አያዋጣም።

የማተሚያው ታሪክ ከአገር ውጭ ይጀምራል። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ፤ ቋንቋውን ግን ከለዳዊ ብሎ ጠራው። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። የብዕር ፊደል በብረት ሲቀረጽ መገተሩ አልቀረም። ከሁሉ የከፋው ግን የጽሕፈት መኪና ነው። በላቲን ቁልፎች ልክ የተሠራ መሣሪያ ከሁለት መቶ በላይ የሆኑ ቅርጾችን መያዝ ስለማይችል የፊደሉ አካልና ቅጥያው ለየብቻ ይመቱ ነበር፤ የካዕብ እጅና የኃምስ ቀለበት ከፊደሉ ተለይተው ሲንሳፈፉ በድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች ላይ ማየት ይቻላል።

ኮምፒውተር ይህንን ችግር ፈትቶ ሌላ አመጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ መንገድ ይመዘግብ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ግዕዝን ሲያካትት ይህ እየቀረ ሄደ። ከዚያ በኋላ ኒያላ እና ከፋ የተባሉ ፎንቶች፣ የመጀመሪያው ከዊንዶውስ፣ ሁለተኛው ከማክ ጋር መጡ፤ አንዱ በደጋ አጋዘን፣ ሌላው በቡና አገር ስም። ኖቶ እና አቢሲኒካ የተባሉት ፎንቶች ደግሞ በነፃ ይገኛሉ። ሁሉም ነዳፊዎች የሚፈተኑት ግን በጥቃቅኖቹ ነው፦ የ«ቤ» ቀለበት በትንሽ መጠን ሲታተም በቀለም ይደፈናል፤ «ጬ»ን የመሰለ ፊደል ደግሞ በ«ር» አጠገብ ሲቆም ጎረቤቱን ይጫነዋል።

የታፔላ ሠዓሊዎች ይህንን ያለ መማሪያ መጽሐፍ ያውቁታል። ሰሌዳው ሲጠባቸው የ«ሥጋ ቤት»ን «ቤ» ያሳጥራሉ፣ ሲሰፋቸው የ«ሥ»ን እግር ይዘረጋሉ፣ ጥላውንም ብርሃን ከግራ እንደመጣ አድርገው በሌላ ቀለም ያስጠጋሉ። በማሽን የሚታተም ባነር ሥራቸውን ከብዙ መንገድ ዳር አንሥቶታል፤ የቀሩትን ፎቶ እያነሡ ወደ ፎንት የሚቀይሩ ወጣቶች ግን አሉ። አንዳንዶቹ ሌላም ነገር መልሰዋል። ጋዜጦች በባዶ ቦታ የተኩትን፣ በቃላት መሐል የሚገባውን ሁለት ነጥብ ዛሬ በፖስተር ርዕሶች ላይ አልፎ አልፎ፣ አንዳንዴም በቀይ ተጽፎ ማየት ይቻላል።