ስፕሊት የት ነው የሚቆርጠው? ፓይተን ጀማሪዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ካለ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ እንነካካለን። ቫሪያብልና ፕሪንት ላይ ብዙም የሚቸገር የለም። ጽሑፍ ቆራርጦ የሚሰጠው ስፕሊት ላይ ስንደርስ ግን ጥያቄው ይጎርፋል። ስህተቶቹ ደግሞ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፦ ስፕሊት ጽሑፉን አንብቦ የሚገባው ይመስላቸዋል። አይገባውም። እዚህ ጋ ቁረጥ የተባለውን ምልክት ይፈልጋል፣ ሲያገኘው ይቆርጣል፣ አለቀ።

ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን የጻፍኳቸው ለንባብ እንዲቀልል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት። የቫሪያብል ስም ግን በአማርኛም ይሆናል፤ ፓይተን 3 ያለ ምንም ቅሬታ ይቀበላል።

"ስፕሊት ስሞቹን ለይቶ ያወጣልኛል"

አንዱ ልጅ የታክሲ መቆሚያዎችን ከቴሌግራም ገልብጦ እንዲህ አስገባ፦

መንገድ = "ቃሊቲ ቱሉ ዲምቱ ኮዬ ፈጬ"
መንገድ.ስፕሊት()

የወጣለት ይሄ ነው፦

["ቃሊቲ", "ቱሉ", "ዲምቱ", "ኮዬ", "ፈጬ"]

ሦስት ቦታ አስገብቶ አምስት ወጣለት። "ጋሼ፣ ፈጬ ብቻውን የት ነው ያለው?" አለኝ። የትም የለም። ቅንፉ ባዶ ሲሆን ስፕሊት ስፔስ ባየበት ሁሉ ይቆርጣል፤ ቱሉ ዲምቱ አንድ ሰፈር መሆኑን የሚያውቀው ሰው ነው። መፍትሔው በስሞቹ መካከል ሌላ ምልክት ማስገባት ነው። በነጠላ ሰረዝ ለይቶ መጻፍና ስፕሊት("፣") ማለት ይበቃል።

እዚህ ጋ ሌላ ጣጣ አለ። ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ስፔስ ካለ፣ ስፔሱ ከቀጣዩ ቁራጭ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። " ቱሉ ዲምቱ" እና "ቱሉ ዲምቱ" ደግሞ ለፓይተን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እኩል ናቸው ወይ ብትሉት አይደሉም ይላችኋል። እያንዳንዱን ቁራጭ ዳርና ዳሩን በሚጠርገው ስትሪፕ ማጽዳት ያስፈልጋል።

"ምልክቱን ካላገኘ ኤረር ይሰጠኛል"

አይሰጥም። ብዙ ሰው ሰዓቱን የሚያቃጥለውም እዚህ ነው። ጽሑፉ የአማርኛውን ነጠላ ሰረዝ "፣" ይዞ እናንተ በፈረንጁ ኮማ "," ቁረጥ ካላችሁት፣ ዝም ብሎ ጽሑፉን እንዳለ ሊስት (ቁራጮቹ በተራ የሚቀመጡበት ዝርዝር) ውስጥ ከትቶ ይመልሳል። ሊስቱ አንድ ነገር ብቻ ይኖረዋል። ፕሮግራሙም ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

አማርኛ ጽሑፍ ላይ ይሄ ነገር ይበዛል። አሮጌ ጽሑፍ ቃላትን የሚለየው በሁለት ነጥብ ነው፦ "ሰላም፡ለሁላችሁ"። ባዶ ስፕሊት እዚህ ላይ አንድም ቦታ አይቆርጥም፤ ለፓይተን ሁለት ነጥብ ሥርዓተ ነጥብ እንጂ ስፔስ አይደለም። አራት ነጥብማ ከዚህም ይብሳል። ግማሹ ሰው "።" ይጽፋል፣ ግማሹ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታና "፡፡" ያደርገዋል። ለዓይን ያው ናቸው። ለኮምፒውተሩ የመጀመሪያው አንድ ምልክት ነው፣ ሁለተኛው ሁለት። ስለዚህ ዓረፍተ ነገር ከመቁረጣችሁ በፊት አንዱን በሌላ በሚተካው ሪፕሌስ ጽሑፉን አንድ ዓይነት አድርጉት፦

ጽሑፍ = ጽሑፍ.ሪፕሌስ("፡፡", "።")

በግራ በኩል ያለችው "ጽሑፍ =" እንዳትረሳ። ስትሪንግ (ፓይተን ጽሑፍን የሚጠራበት ስም ነው) ከተፈጠረ በኋላ አይለወጥም። ሪፕሌስም ሆነ ስፕሊት አዲስ ነገር ሠርተው ይሰጣሉ እንጂ አሮጌውን አይነኩትም። ውጤቱን ያልያዘ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል።

"ባዶ ቅንፍና ስፔስ ያለበት ቅንፍ ያው ነው"

ያው አይደለም። "ገላን" እና "ዱከም" መሃል በስህተት ሁለት ስፔስ ገብቷል እንበል። ባዶው ስፕሊት() የተደራረበውን ስፔስ እንደ አንድ ቆጥሮ ሁለት ቃል ይሰጣል። ታብም አዲስ መስመርም እንደዚያው ነው የሚቆጥረው። ስፕሊት(" ") ግን እያንዳንዷን ስፔስ ለየብቻ ስለሚቆርጥ መሃል ላይ ባዶ ስትሪንግ ይጨምራል፤ ሦስት ይሆናል። ምንም ያልተጻፈበትን ስትሪንግ ብትሰጡትም ይለያያሉ፦ ባዶው ቅንፍ ባዶ ሊስት ይመልሳል፣ ምልክት ያለበት ግን አንድ ባዶ ስትሪንግ የያዘ ሊስት። ማንም ያልተመዘገበበትን መዝገብ ቆጥሮ "አንድ ሰው አለ" የሚል ፕሮግራም ካያችሁ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

"ብዙ ምልክት ከሰጠሁት በሁሉም ይቆርጣል"

ስፕሊት("፣፤") ማለት ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ ተከታትለው የተጻፉበትን ቦታ ፈልግ ማለት ነው። በአንዱ ወይም በሌላው እንዲቆርጥ ከተፈለገ በሪጉላር ኤክስፕሬሽን (የሚፈለገውን ጽሑፍ ቅርጽ በሚገልጽ አጻጻፍ) የሚሠራው አር.ኢ የሚባለው ሞጁል፣ ማለትም ተጨማሪ የፓይተን መሣሪያ፣ የራሱ ስፕሊት አለው። የሚያምታታው ስትሪፕ በተቃራኒው መሥራቱ ነው፤ እሱ የተሰጡትን ምልክቶች አንድ በአንድ ነው የሚያየው። እዚህ ላይ በጀማሪ አልፈርድም።

ሁለተኛ ቦታ ላይ የሚገባው ቁጥርም እንዲሁ ያሳስታል። ስፕሊት("፣", 1) አንዴ ቁረጥ ማለት ነው፤ የሚወጣው ሁለት ቁራጭ ነው።

"ተቆርጦ የወጣ ቁጥር ቁጥር ነው"

የብሎካችን የጥበቃ መዋጮ ተመዝግቦ "300፣450" ተብሏል እንበል። ቆርጠን ሁለቱን ብንደምር 750 መሆን ነበረበት። ፓይተን ግን "300450" ይላል። ኮሚቴው ቢሰማ በደስታ ይዘል ነበር። ከስትሪንግ የሚወጣ ቁራጭ ምንጊዜም ስትሪንግ ነው፤ ሁለት ስትሪንግ ሲደመር ይቀጣጠላል። መጀመሪያ በኢንት ወደ ቁጥር መለወጥ ነው። ኢንት ዳርና ዳር ያለ ስፔስ አያስቸግረውም። "300 ብር"፣ "1,200" ወይም በግዕዝ አኃዝ የተጻፈ "፫፻" ከሰጣችሁት ግን ቫልዩ ኤረር ብሎ ይቆማል።

"ሊስትም ስፕሊት አለው"

የለውም። ሞክሩት፣ አትሪቢዩት ኤረር ነው የሚላችሁ። ሊስት የሚቆረጠው በካሬ ቅንፍ ነው። ሰልፍ የሚባል የሰዎች ሊስት ኖሯችሁ ሰልፍ[0:3] ካላችሁ ከ0 ይጀምርና 3 ላይ ሳይደርስ ያቆማል፤ ሦስት ሰው ይወጣል። የተቆረጠው አዲስ ሊስት ስለሆነ ዋናው ሰልፍ እንዳለ ይቀመጣል።

ጠዋት ታክሲ ተራ ላይ 30 ሰው ተሰልፏል፣ ሚኒባሱ የሚጭነው 12 ነው እንበል። ሰልፉን በ12 ለመከፋፈል፦

ፎር መነሻ ኢን ሬንጅ(0, 30, 12):
    ፕሪንት(ሰልፍ[መነሻ:መነሻ+12])

መነሻው 0፣ 12፣ 24 እያለ ይሄዳል። "መጨረሻው ላይ 36 ድረስ ቁረጥ ሲባል ሰው የለም፣ አይበላሽም?" የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። አይበላሽም። እንዲህ ስንቆርጥ ካለው በላይ ብንጠይቅ ያለውን ብቻ ይሰጣል፤ የመጨረሻዎቹ 6 ሰዎች ይወጣሉ። ሰልፍ[36] ብሎ አንድ ሰው ነጥሎ መጥራት ግን ኢንዴክስ ኤረር ያመጣል። ከፓይተን 3.12 ወዲህ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ባችድ የሚባል ነገር ኢተርቱልስ ሞጁል ውስጥ ገብቷል፤ የሚመልሰው ግን ሊስት ሳይሆን ተፕል (የማይለወጥ ዝርዝር) ነው። ለጀማሪ ግን መጀመሪያ በፎር ቢሠራው ይሻላል ባይ ነኝ።