«1 ኢንች ሴንሰር» ምንድን ነው? የጉዞ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት

ለጉዞ የኪስ ካሜራ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ስንት ሜጋፒክስል ነው? ዙሙስ? እኔም የመጀመሪያዬን ስገዛ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ሻጩ ፊቱ እየበራ መለሰልኝ፦ 20 ሜጋፒክስል፣ 30 እጥፍ ዙም፣ ደግሞ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሌላ ምን ልጠይቅ? ከፍዬ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ቀን ፎቶዎች አሪፍ ነበሩ። ፀሐይ ነበረችና። ጉዱ የመጣው ሲመሽ ነው። መብራት የበራበት ጠባብ ጎዳና አነሳሁ። በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ላይ ምንም አይልም ነበር። ቤት ተመልሼ በኮምፒውተር ስከፍተው ግን የሰዎቹ ፊት ውሃ የነካው ሥዕል መስሏል። ጨለማው ቦታ ላይ ደግሞ ባለቀለም አሸዋ የተበተነ ይመስላል። ያልጠየቅሁት ሦስተኛ ጥያቄ እንደነበረ ያኔ ገባኝ። ሴንሰሩ ምን ያህል ነው?

ሴንሰር ከሌንሱ ጀርባ የተቀመጠ ጠፍጣፋ ቺፕ ነው። በፊልም ዘመን ፊልሙ የነበረበትን ቦታ የያዘው እሱ ነው። ሌንሱ የሚያመጣለትን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል፤ ካሜራው ከዚያ ምልክት ፎቶ ይሠራል። የኪስ ካሜራዎች መግለጫ ላይ መጠኑ በብዛት በሁለት ዓይነት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ወይ «1/2.3 ኢንች» ይላል፣ ወይ «1 ኢንች»። ዛሬ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

ከስሙ እንጀምር፤ ምክንያቱም ስሙ ያሳስታል።

1 ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው። «1 ኢንች» የሚባለው ሴንሰር ግን ወርዱ 13.2 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 8.8 ሚሊሜትር ነው። ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ብትለኩት እንኳ 16 ሚሊሜትር አይሞላም። በየትኛውም በኩል ብታዞሩት ኢንች የሚሆን ነገር የለውም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይህን ስም ያወጣው ግን የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦ ነው። በ1950ዎቹ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቪዲኮን የሚባል የመስታወት ቱቦ ነበር፤ የቴሌቪዥን ካሜራ ምስሉን የሚቀበለው በእሱ ነው። ቱቦዎቹ የሚጠሩት በውጭ ዲያሜትራቸው ነበር። ባለ 1 ኢንች ቱቦ ማለት መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር 1 ኢንች የሆነ ማለት ነው። ምስሉ የሚያርፍበት ክፍል ግን ከዚያ ያንሳል፤ በሰያፍ 16 ሚሊሜትር ገደማ፣ የቱቦውን ሁለት ሦስተኛ ያህል። ቺፕ መጥቶ ቱቦውን ሲተካ ስሙ እንዳለ ተወረሰ። «ይህ ቺፕ ባለ 1 ኢንቹ ቱቦ የሚይዘውን ያህል ምስል ይይዛል» ለማለት ነው። ቱቦው ከጠፋ ቆየ፤ ስሙ አልሞተም። ለማስታወቂያ መቼም አይከፋ!

ትንሹም የተጠራው በዚሁ ስሌት ነው። 1/2.3 ኢንች እንደ ስሙ ቢሆን በሰያፍ 11 ሚሊሜትር መሆን ነበረበት። እውነተኛ ልኩ 7.7 ነው።

ስለዚህ ኢንቹን ተዉትና ስፋቱን አስሉ። ትንሹ ሴንሰር ወደ 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ነው። ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። የ«1 ኢንቹ» ስፋት 116 ነው። አራት እጥፍ ማለት ነው። ይቺን አራት እጥፍ ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስባታለሁ።

ስፋት ለምን ይጠቅማል? ብርሃን ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ነው የሚደርሰው። የሚደርሱት ደግሞ በወግ ተሰልፈው አይደለም፤ እዚህ ሦስት፣ እዚያ አምስት እያሉ ነው። ቀን ላይ እጅግ ብዙ ስለሆኑ ይህ መዛባት አይታወቅም። ሲመሽ ግን ጥቂት ናቸው። የማታውቁት ከተማ ገብታችሁ መንገድ ስትጠይቁ አስቡት። አንድ ሰው ብቻ ከጠየቃችሁ ሊያሳስታችሁ ይችላል። አራት ሰው ከጠየቃችሁ ግን አንዱ ቢሳሳት ሌሎቹ ያርሙታል። ትንሽ ሴንሰር ማታ ላይ አንድ ሰው ጠይቆ የሚሄድ መንገደኛ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ነጥቦች አንድ ዓይነት ቀለም መሆን ሲገባቸው አንዱ ይደምቃል፣ አንዱ ይጨልማል። እኔ ያየሁት አሸዋ ይህ ነው። ፎቶ አንሺዎች ኖይዝ ይሉታል። ካሜራው ኖይዙን ላጥፋ ብሎ ምስሉን ያለሰልሰዋል፤ ከአሸዋው ጋር ሽፋሽፍቱም፣ የልብሱ ክርም አብሮ ይጠፋል። ፊቶቹ ውሃ የነካቸው የመሰሉት ለዚህ ነው።

ሴንሰሩ አራት እጥፍ ሲሰፋ፣ በተመሳሳይ የሌንስ ቀዳዳና በተመሳሳይ የመዝጊያ ፍጥነት አራት እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። በካሜራ ቋንቋ ሁለት ስቶፕ ነው፤ አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው። አይኤስኦ የሚባለው ካሜራው የብርሃኑን ምልክት ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚናገር ቁጥር ነው፤ በግርድፉ ትንሹ ሴንሰር በአይኤስኦ 800 የሚሰጠውን ጥራት ትልቁ በአይኤስኦ 3200 ይሰጣል ማለት ነው። ሲመሽ፣ ሙዚየም ውስጥ፣ ፍላሽ በተከለከለበት ቤተ መቅደስ ውስጥ ልዩነቱ ፊት ለፊት ይታያል። ቀን በጠራራ ፀሐይ ግን ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ በስልክ ስክሪን ብታዩ ላትለዩዋቸው ትችላላችሁ። እውነቱ እውነት ነው።

ሜጋፒክስልስ? ሁለቱም ካሜራዎች 20 ሜጋፒክስል ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ ያንኑ 20 ሚሊዮን ነጥብ የት እንዳሰፈሩት ነው። በትልቁ የአንዷ ነጥብ ጎን 2.4 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ በትንሹ ግማሹን ብቻ። ባለ 4ኬ ቴሌቪዥን በሙሉ የሚያሳየው ወደ 8 ሚሊዮን ነጥብ ብቻ ስለሆነ በሜጋፒክስል ብዛት እንቅልፍ አትጡ።

ይህን ሴንሰር ኪስ ውስጥ አስገብቶ ስም ያሰጠው በ2012 የወጣው የሶኒ አርኤክስ100 ነው። ከነባትሪው 240 ግራም ገደማ ነበር። ያኔ የስልክ ካሜራ የኪስ ካሜራን ገበያ መብላት ጀምሯል። ሌሎቹም ተከተሉ። ካኖን በ2014 ጂ7 ኤክስን፣ ፓናሶኒክ በ2016 ቲዜድ100ን አወጣ።

እንግዲህ ትልቁ ይህን ያህል ከተሻለ ሁሉም ካሜራ ለምን ትልቅ ሴንሰር አይኖረውም? ዋጋው አንድ ነገር ነው። ዋናው ግን ዙም ነው።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ሴንሰሩ ሲያድግ ሌንሱም አብሮት ያድጋል፤ ይህን ሕግ ማንም ፋብሪካ አልሻረውም። የካኖን ኤስኤክስ740ን ተመልከቱ። ትንሽ ሴንሰር አለው፣ ዙሙ 40 እጥፍ ነው፤ በተለመደው የፉል ፍሬም (36 በ24 ሚሊሜትር የሆነው ትልቅ ሴንሰር) አቆጣጠር የትኩረት ርቀቱ ከ24 እስከ 960 ሚሊሜትር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል። የሌንሱ እውነተኛ የትኩረት ርቀት ግን 172 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ያንኑ 960 በ«1 ኢንች» ሴንሰር ለማምጣት ከ350 ሚሊሜትር በላይ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሌንስ ኪስ አይገባም። ኪስ የሚገቡት ባለ «1 ኢንች» ካሜራዎች ዙማቸው አጠር የሚለው ለዚህ ነው፤ ወይ ከ24 እስከ 70፣ ወይ ከ24 እስከ 100፣ ሲበዛ ከ24 እስከ 360 ሚሊሜትር።

በነገራችን ላይ «40 እጥፍ» የሚለው ቁጥር የትልቁና የትንሹ ርቀት ክፍፍል ብቻ ነው፤ 960 ለ24። ሰፊው ጫፍ ከየት እንደሚጀምር አይነግራችሁም። መንገደኛን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ሰፊው ጫፍ ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ቆማችሁ ፊት ለፊታችሁ ያለው ትልቅ ሕንፃ አልገባ ሲላችሁ ወደ ኋላ የምትሸሹበት ቦታ የለም። በ24 እና በ28 ሚሊሜትር መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ ኢምንት ነው፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ለቆመ ሰው ግን ትልቅ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ደረስን። «1 ኢንች» የሚል ካሜራ ሁሉ ማታ ጎበዝ አይደለም። የሌንሱን ቀዳዳ ማየት ግድ ነው። መግለጫው ላይ ኤፍ ከሚለው ፊደል ጋር የተጻፈው ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ጂ7 ኤክስ ከኤፍ 1.8 ጀምሮ ዙሙ ሲያልቅ ኤፍ 2.8 ነው። ቲዜድ100 ደግሞ ከኤፍ 2.8 ይጀምርና 250 ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ ኤፍ 5.9 ይሆናል። በኤፍ 2.8 እና በኤፍ 5.9 መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ከአራት እጥፍ ይበልጣል። አያችሁ? በሴንሰሩ ያገኛችኋትን አራት እጥፍ ዙሙ መልሶ ወሰዳት። ካሜራው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። 10 እጥፍ ዙም ያለው ሌንስ እዚያ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ሲገባ የሚከፈል ዋጋ ነው። ማታ ስታነሱ ዙሙን ወደ ሰፊው ጫፍ መልሳችሁ በእግራችሁ ተጠጉ።

ጀርባው የደበዘዘ የሰው ፎቶ የሚናፍቅ ካለ ብዙ ተስፋ አላስጨብጠውም። በዚህ ሴንሰር ኤፍ 1.8 የሚሰጠው ብዥታ በፉል ፍሬም ካሜራ ኤፍ 4.9 ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። አበባ ወይም ፊት በቅርበት ስታነሱ ትንሽ ይደበዝዛል። ከዚያ አያልፍም።

«ስልኬስ?» የሚለው ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ደግሞም ተገቢ ጥያቄ ነው። ይኸው ሴንሰር ስልክ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ፓናሶኒክ በ2014 ሲኤም1 በሚባል ስልክ ሞክሮት ነበር። በኋላም ሻርፕ በ2021፣ ሻዎሚ በ2022 ባለ «1 ኢንች» ስልክ አወጡ። ከዚህም ሌላ ስልኮች በአንድ ጠቅታ ብዙ ፎቶ አንስተው ያዋህዳሉ። አንድ ሰው አራት ጊዜ እየደጋገመ መንገድ እንደሚጠይቅ ቁጠሩት። ስለዚህ የማይንቀሳቀስ ነገር ማታ በሰፊው ጫፍ ስታነሱ አዲስ ጥሩ ስልክ የኪስ ካሜራን ሊያሸንፍ ይችላል። እኔ ራሴ በዚህ አልከራከርም።

የካሜራው ብልጫ ዙም ላይ ነው። ስልክ ወደ ሩቅ ሲያይ ብዙውን ጊዜ ወደ ሌላ ሌንስና ወደ ሌላ አነስተኛ ሴንሰር ይዘላል፤ ወይም ምስሉን ቆርጦ ያሰፋዋል። ካሜራው ግን ከሰፊው እስከ ሩቁ ያንኑ ትልቅ ሴንሰር ይዞ ይሄዳል። ሌላም አለ። የሚጨበጥ አካልና የሚጫን አዝራር አለው። የስልካችሁንም ባትሪ አይበላም፤ መንገድ ላይ ካርታውም ትኬቱም ስልክ ውስጥ ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምርጫዬን ልንገራችሁ፤ ዙም የማትነኩ ሰዎች ከሆናችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ፤ ስልኩ ይበቃችኋል።

ከ«1 ኢንች» የሚበልጥ ሴንሰር ያላቸው ትንንሽ ካሜራዎችም አሉ። ሪኮ ጂአር3 ኤፒኤስ-ሲ የሚባለውን፣ ከ«1 ኢንቹ» የሚሰፋውን ሴንሰር ይዞ ኪስ ይገባል፤ ግን ዙም የለውም፣ ሌንሱ 28 ሚሊሜትር ላይ የተተከለ ነው። የፉጂፊልም ኤክስ100 ተከታታዮችም እንዲሁ 35 ሚሊሜትር ላይ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ለኮት ኪስ እንጂ ለሱሪ ኪስ አይሆኑም። አንድ ሌንስ ይዞ መራመድ የሚወድ ሰው ይደሰትባቸዋል። ሌላው ይበሳጫል።

ሱቅ ስትገቡ ወይም ያገለገለ ካሜራ ስታዩ የመግለጫውን ገጽ ክፈቱና 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር የሚለውን ፈልጉ። ጎኑ ላይ ያለውን የኤፍ ቁጥር በሁለቱም የዙም ጫፍ አንብቡ። ሻጩ ስለ ዲጂታል ዙም ካወራ ስሙትና እለፉት፤ እሱ ፎቶ መቁረጥ ነው፣ ቤት ሄዳችሁም ትቆርጡታላችሁ። ያገለገለ ከሆነ ሌንሱን ሁለት ሦስት ጊዜ አውጡት፣ አስገቡት። ነጭ ግድግዳ አንሱና ፎቶው ላይ ጥቁር ነጥብ እንዳለ እዩ። ወደ ውስጥ የሚገባ ሌንስ የኪስ አቧራ ይዞ ይገባል፤ አንዴ ሴንሰሩ ላይ ካረፈ ካሜራው ሳይፈታ አይወጣም። ትንሽ ቦርሳ ቢኖረው ጥሩ ነው።

ያቺ ባለ 30 እጥፏ የመጀመሪያ ካሜራዬ አሁንም አለች። ወፍ ለማየት በጠዋት ስወጣ የምይዘው እሷን ነው፤ ባለ «1 ኢንቹ» ካሜራዬ እዚያ ዛፍ ጫፍ አይደርስምና። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ቦርሳ ትመለሳለች።