ለንደን ከራሷ 293 እጥፍ የምትበልጠው እንዴት ነው?

እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2002 የወጣ ጥናት የለንደን ነዋሪዎች የሥነ ምህዳር አሻራ 49 ሚሊዮን ዓለም አቀፍ ሄክታር ገደማ መሆኑን አስልቷል። ይህም የከተማዋ ስፋት 293 እጥፍ ነው።

አሻራው የሚገኘው ከተማዋን በመቀየስ አይደለም። ነዋሪዎቿ የሚበሉትንና የሚለብሱትን ለማምረት፣ የሚለቁትንም ካርቦን ለመምጠጥ ምን ያህል ለም መሬትና ባሕር እንደሚያስፈልግ ይሰላል። በአካባቢው በተመረተው ላይ ከውጭ የገባው ይደመራል፤ ወደ ውጭ የተላከው ይቀነሳል። ስለዚህ ለንደን ውስጥ የተጠጣ የጅማ ቡና የሚመዘገበው በለንደን ዕዳ እንጂ በጅማ አይደለም።

«ዓለም አቀፍ ሄክታር» ደግሞ በገመድ የሚለካው ሄክታር አይደለም፤ ምርታማነቱ የዓለምን አማካይ ያህል የሆነ መሬት ማለት ነው። አንድ ሄክታር ለም ማሳ ከአንድ በላይ፣ ጭንጫ ግጦሽ ከአንድ በታች ሆኖ ይቆጠራል።

ከተማን «ከአቅሟ በላይ ኖረች» ብሎ መክሰስ ግን ለእኔ ብዙም ስሜት አይሰጠኝም፤ እህሏን ራሷ የምታበቅል ትልቅ ከተማ የት አለች? ይልቅ የሚያነጋግረው የነፍስ ወከፉ ስሌት ነው፦ የለንደን ነዋሪ 6.6 ዓለም አቀፍ ሄክታር ገደማ ሲጠቀም፣ ምድር ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ብትካፈል የሚደርሰው ከ2 ብዙም የማይበልጥ ነበር።